ቤት ለእምቦሳ፣ ልጅ ላላት ግን የለም

የሀዋሳ ሰዎች፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣችሁ ነው። ራሴንም ጨምሬ ስለምቆጣ አትቀየሙኝ።

ቤት ፍለጋ ዞራችሁ ታውቃላችሁ አይደል? አሁን የቤት ባለቤት የሆናችሁትም ቢሆን አንድ ሰሞን ዞራችኋል። ደላላው ገና ሰላም ሳይላችሁ «ልጅ አላችሁ?» ይላል። አለን ስትሉት «ስንት?» ይላል። ሁለት ካላችሁ ራሱን ይነቀንቃል፣ ሦስት ካላችሁ ስልኩን ኪሱ ይከታል። በደላላው አልፈርድም፣ እሱ የሚደግመው የእኛኑ ቃል ነው። «ላጤ ከሆነ ይምጣ፣ ባልና ሚስት ብቻ ከሆኑም ጥሩ፣ ልጅ ያለው ግን ይቅርብኝ» ያልነው እኛ ነን፤ አቶቴም፣ ዳቶም፣ ታቦር ሥርም የሚከራይ ክፍል ያለን ሰዎች።

ምክንያታችንን አሳምሬ አውቀዋለሁ፣ እኛ ቤትም ስለተባለ። ልጅ ግድግዳ ይቸከችካል። ውኃ ያፈሳል። ሽንት ቤት ያበላሻል። ከእኛ ልጅ ጋር ይጣላና ነገሩ የእናቶች ጠብ ይሆናል። እውነት ነው፣ ያደርጋል። ልጅ ነዋ!

ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሐምሌ 2008 ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ሌላ ሒሳብ መጣ። በየግቢያችን ክፍል በመደዳ ሠራን። አንዷን ክፍል ሦስት አራት ሆነው ለሚከራዩ ሠራተኛ ሴቶች እንሰጣለን፤ ኪራዩን ይካፈላሉ፣ ጠዋት ይወጣሉ፣ ማታ ደክመው ገብተው ይተኛሉ። ለአከራይ ከዚህ የተሻለ ምን አለ? (የእነሱ ኑሮ ራሱን የቻለ ጉድ ነው፣ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ።) ሦስት ልጆች ይዛ ጉልት የምትቸረችር እናት ከእነሱ ጋር ተፎካክራ ክፍል ታገኛለች ማለት ዘበት ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት እናቴ ግቢ ያለችውን ሰርቪስ ክፍል ለአንዲት ሴት አከራየን። ሕፃን አዝላ መጣች። «ይቺ ብቻ ናት?» አልናት። «ይቺ ብቻ ናት» አለች። ሁለት ሳምንት ቢሆናት ነው፣ አንድ ቀን ማልጄ ልወጣ ስል ገና ጎህ ሳይቀድ በሩ ላይ አንድ ወንድ ልጅ አገኘሁ። ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። ጫማውን በእጁ ይዟል። ከኋላው ታናሽ እህቱ ቆማለች፣ እሷም ጫማዋን እንዲሁ አንጠልጥላለች። የግቢያችን ጠጠር ድምፅ እንዳያሰማባቸው ነው ለካ። ማታ ከጨለመ በኋላ ይገባሉ፣ ሳይነጋ ይወጡና ትምህርት ቤቱ እስኪከፈት አጥሩ ሥር ቁጭ ይላሉ። ይህን ሁሉ ቀን አንድ ግቢ አብረውን ሲያድሩ ሲስቁ እንኳ አልሰማንም። አስቡት እስቲ፣ የስድስት ዓመት ልጅ፣ ሳቅ የለ፣ ለቅሶ የለ። እናታቸው ምን ብላ እንዳስለመደቻቸው አላውቅም፤ መጠየቅም አልደፈርኩም።

ምን ያደረግን ይመስላችኋል? «ዋሽተሽናል» ብለን አሥር ቀን ሰጠናት። በሚያዝያ ዝናብ። ጓዟ አንዲት ባጃጅ አልሞላም፤ ፍራሽ፣ ሁለት ጀሪካን፣ ከሰል ምድጃ፣ በፌስታል የታሰረ ደብተር። እናቴ ምስር ቋጥራ ሰጠቻት። እኔ ጀሪካኑን ተሸክሜ ባጃጁ ላይ ጫንኩላት። ደግ ሰዎች እኮ ነን!

ግንቦት ውስጥ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቡና እየጠጣሁ ያ ልጅ ለውዝ ይዞ መጣ። ማክሰኞ ነው፣ ረፋድ፣ እኩዮቹ ክፍል ውስጥ ባሉበት ሰዓት። ወዲያው አወቀኝ። አልሸሸኝም፣ ፊቱንም አላጠቆረብኝም። «ጋሼ፣ እማማ ደህና ናቸው?» አለኝ። ትምህርትህስ አልኩት። ከእኛ ቤት ከወጡ ሁለተኛ ቤታቸው ነው፣ አሁን ያሉት ወደ ቱላ መውጫ ነው፣ የድሮው ትምህርት ቤት ራቀው፣ እዚያ ሰፈር ያለው ደግሞ መልቀቂያ አምጣ አለው፣ መልቀቂያውን ለማውጣት እናቱ አንድ ቀን ጉልቷን መተው አለባት፣ ጉልቷን ከተወች ደግሞ የዚያን ቀን እራት የለም። በቃ፣ ይኸው ነው። እንደ ትልቅ ሰው አስረዳኝ። የሃያ ብር ለውዝ ገዛሁትና በመቶ ብሩ «መልሱን ተወው» አልኩት። ስሄድ ደረቴን ነፍቼ ነበር። ለውዙን ጨርሼ ወረቀቱን ስጥል ነው ደንገጥ ያልኩት።

እንዲህ ነን እኛ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ገብርኤልን ስንሳለም ደጁ ላይ ለተቀመጡት ልጆች ዝርዝር እናድላለን፣ «እናንተን ያያችሁ አምላክ» ብለን እንባ ይተናነቀናል፣ ከዚያ ቤት ገብተን ለደላላው «ልጅ ያለው እንዳታመጣብኝ» እንላለን። አንዱን ልጅ ጎዳና ያወጣው የወላጅ ሞት ነው፣ አንዱ ከገጠር ሥራ ፍለጋ መጥቶ ነው፣ ብዙ መንገድ አለው። አንደኛው መንገድ ግን በእኛ በር በኩል ያልፋል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። እናንተ አርባን የዘለላችሁ፣ የት ነው ያደጋችሁት? ብዙዎቻችን ቀበሌ ቤት ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ወረሰ፣ ብዙ ባለቤት አስለቀሰ፣ ትክክል ነበር አልነበረም ብለን እስከ ነገ ልንከራከር እንችላለን። አባቴ እስኪሞት ሲቃወመው ኖሯል፣ እዚያው ቀበሌ ቤት ውስጥ ተቀምጦ። ግን ሰባት ልጆች በሁለት ክፍል ስናድግ የሚያስወጣን ሰው አልነበረም። ኪራዩ ጥቂት ብር ነው። ሰባታችንም አንድ ሰፈር፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ጎረቤት ይዘን አደግን። እናቴን «ልጆችሽ ስንት ናቸው?» ብሎ የጠየቃት ቀበሌው ብቻ ነው፣ እሱም ለስኳር ራሽን፤ ያኔ ብዙ ልጅ ያለው ብዙ ስኳር ይወስዳል! ግድግዳውንስ? ከሰል ይዘን ከዳር እስከ ዳር ነው የቸከቸክነው።

እና ያን ግድግዳ የቸከቸክን ልጆች አድገን፣ ቤት ሠርተን፣ ሰርቪሷ ያለቀች ቀን ጎረቤት «ቤት ለእምቦሳ» ብሎ ገባ፣ «እምቦሳ እሰሩ» ብለን ተቀበልን። እምቦሳ እኮ የላም ልጅ ነው። ጥጃ ይታሰርበት ብሎ የተመረቀ ቤት የሰው ልጅ ሲመጣበት በሩ ይዘጋል። ደግሞ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» እንላለን። የቱ ክፍል ውስጥ ነው የሚያድገው?

«መንግሥት ይሥራላቸዋ!» የምትሉም አላችሁ። ልክ ናችሁ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 መኖሪያ ቤትን ከምግብና ከንጹሕ ውኃ ጋር ይጠቅሰዋል፣ «የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን» የምትል ማምለጫ አብራ ብትኖርም። ግን የእኛንም ጣጣ እንይ። በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ቢያንስ ለ2 ዓመት ይሁን፣ ቅድሚያ ክፍያው ከ2 ወር ኪራይ አይብለጥ ይላል። እስቲ እጃችሁን አውጡ፣ ውል የጻፋችሁ! እኛ አልጻፍንም። ጽፈን ቢሆን ኖሮ በአሥር ቀን ውጪ ማለት አንችልም ነበር። ውል የሌላት ሴት ደግሞ የትም ሄዳ «እዚህ ነው የምኖረው» ብላ የምታሳየው ወረቀት የላትም።

ቤታችሁን በነፃ ስጡ አላልኩም። ጡረታው አልበቃ ብሎ በኪራይ የሚኖሩ እናቶች አሉ፣ የእኔዋ አንዷ ናት። ኪራያችሁን በጊዜው ተቀበሉ። ግድግዳው ቢቸከቸክ አንድ ጋሎን ቀለም ነው። ውኃው ቢበዛ ሒሳቡን አካፍሉ። ሽንት ቤቱን እንዴት እንደሚጠቀሙ ንገሯቸው፣ ልጅ ሲነገረው ይሰማል። ብቻ ልጆች ክፍል ውስጥ በሚማሩበት ወቅት «ውጡ» አትበሉ፤ ግድ ከሆነባችሁም የሰኔ ፈተና ይለፍ። ይህን ያህል ይከብዳል?

ያችን ሴት ፈልጌያት ነበር። ሁለት ጊዜ ወደ ቱላ ሄጃለሁ። ልጁ በነገረኝ ምልክት ቤቱን አገኘሁት፣ ለቀዋል አሉኝ። ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ሰርቪሷ አሁን ባዶ ናት። እሁድ ዕለት ደላላው ደውሎ «ጨዋ ሰዎች አግኝቼላችኋለሁ፣ ልጅ የላቸውም» አለኝ። እናቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደችና «ልጅ ያላቸው የሉህም?» አለችው። የቀለደች መስሎት ሳቀ።