ቀዳሚው አያክስ አይደለም
«የአውሮፓን የክለቦች ዋንጫ መጀመሪያ ወደ ሆላንድ ያስገባው አያክስ ነው» መባሉ ስህተት ነው፤ ቀዳሚው የሮተርዳሙ ፌየኖርድ ነው። አያክስ እ.ኤ.አ. በ1969 ለፍጻሜ ደርሶ በኤሲ ሚላን 4 ለ 1 ተሸነፈ። በቀጣዩ የውድድር ዘመን በአሰልጣኝ ኤርንስት ሃፕል የሚመራው ፌየኖርድ ያንኑ ሚላን በሁለተኛው ዙር አሰናበተ፦ ከሜዳው ውጭ 1 ለ 0 ቢሸነፍም በሜዳው 2 ለ 0 ረታ። ይህ ድል ከዋንጫው እኩል ሊወሳ ይገባዋል።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 1970 ሚላን ከተማ በሚገኘው ሳን ሲሮ ስታዲየም በተካሄደው ፍጻሜ የስኮትላንዱ ሴልቲክ በጌሜል ግብ ቀደመ፤ ከሁለት ደቂቃ በኋላ የፌየኖርዱ ተከላካይ ሪኑስ ኢስራኤል በግንባሩ ገጭቶ አቻ አደረገ። በጭማሪው ሰዓት፣ 117ኛው ደቂቃ ላይ፣ የሴልቲኩ አምበል ማክኒል ወደ ኋላ እየተንገዳገደ ኳሷን በእጁ ነካ። የፌየኖርዱ ስዊድናዊ አጥቂ ኪንድቫል ፊሽካ ሳይጠብቅ በግብ ጠባቂው አናት ላይ አሻግሮ አስቆጠረ፤ 2 ለ 1። የአያክስ ሦስት ተከታታይ ዋንጫዎች የመጡት ከዚያ በኋላ፣ ከ1971 እስከ 1973 ነው።