ሥራ ለመፈለግም ገንዘብ ያስፈልጋል

«ሥራስ አለ። ቢሮ መጥቶ የሚጠይቅ ነው የጠፋው» አለች። ክርክሩ የተነሳው ከዚህ ንግግር ነው።

ተናጋሪዋ ደሴ ውስጥ በአንድ ቀበሌ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ባለሙያ ናት። ሥራ ፈላጊ ትመዘግባለች፣ ታደራጃለች፣ ወደ ሥልጠናና ወደ ብድር ትመራለች። ቡና ላይ የተገናኘነው እሷ፣ በአካውንቲንግ የተመረቀ አንድ ልጅ፣ አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊና እኔ ነን። ቡናውን የምታፈላው ሴትም ከረከቦቷ አጠገብ ሆና ክርክሩ ውስጥ አለችበት።

ልጁ ስኒውን አስቀመጠና ከኪሱ ካርድ አወጣ። የሥራ ፈላጊ ካርድ ነው። ፕላስቲኩ ጠርዝ ጠርዙን ተላጧል። ፎቶው ላይ ያረፈው ማኅተም ደብዝዞ ግማሹ ብቻ ይነበባል። ከጀርባው የእድሳት ሠንጠረዥ አለ፤ በየረድፉ ቀን ተጽፎ ቲተር ተመትቶበታል።

«እህቴ፣ እኔ መጥቼ ጠይቄያለሁ እኮ» አላት። «በመጣሁ ቁጥር ታድሱልኛላችሁ። ሥራ ተገኝቷል ተብሎ ግን አንድ ቀን ተደውሎልኝ አያውቅም።»

«ስልክ ቀይረህ ይሆናላ።»

«አልቀየርኩም።»

«እንግዲያው ኮምፒውተር ላይ አልገባህም። አሁን ምዝገባው በሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓቱ ነው። ፋይዳህን ይዘህ መጥተህ እንደ አዲስ መመዝገብ አለብህ።»

«ማን ነገረኝ?»

ማስታወቂያው የቀበሌው በር ላይ ተለጥፎ ነበር። ልጁ ደግሞ ያን ሰሞን ከደሴ ውጭ የቀን ሥራ ላይ ነበር።

ልብስ ሰፊው ጣልቃ ገቡ። «አብሽር ልጄ፤ ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ቤትህ ድረስ ሥራ ይዞ የሚመጣ መንግሥት አትጠብቅ። እኔ ሙያዬን የለመድኩት ሰው ሱቅ ደጃፍ ላይ ቁልፍ እየተከልኩ ነው። ሲንጀር የገዛሁት ስንት ዓመት ለፍቼ ነው። የዛሬ ልጆች ዲግሪውን ስትይዙ ወንበር ነው የምትፈልጉት።»

«ጋሼ፣ እኔ ሥራ አልመረጥኩም። ሲሚንቶ ተሸክሜያለሁ፣ አሸዋ ጭኛለሁ። በቀን ሥራ የማገኛትን ብር ምን ላይ እንደማውላት ግን ልንገርዎት።»

ከሥር ከመሠረቱ ነገረን። ቴሌግራም ላይ አንድ ማስታወቂያ ያያል። ቦታው ኮምቦልቻ፣ መደቡ ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ፣ የሥራ ልምድ 0 ዓመት። ዜሮ ዓመት የሚል ማስታወቂያ ለምሩቅ ብርቅ ነው። እሱ ያየው ግን ከወጣ በአራተኛው ቀን ነው፤ ምዝገባው ደግሞ 5 ተከታታይ የሥራ ቀናት ብቻ። ዋናውንና ኮፒውን ይዞ በአካል መቅረብ ግድ ነው። ያን ቀን መብራት ጠፍቶ ፎቶ ኮፒ ቤቶቹ ሥራ ፈተዋል። ጄኔሬተር ያለው ቤት ፈልጎ፣ በእጥፍ ዋጋ ኮፒ አስደርጎ፣ በሐረጎ ተራራ መንገድ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ወረደ። ደረሰ፣ ተመዘገበ። «የፈተናውን ቀን በውስጥ ማስታወቂያ ሰሌዳ እንገልጻለን» አሉት።

«ሰሌዳው ኮምቦልቻ፣ እኔ ደሴ» አለ። «ስልኬን ፎርሙ ላይ ሞልቻለሁ። አይደውሉም። ሰሌዳ ለማንበብ የትራንስፖርት ከፍዬ እወርዳለሁ። ገና ነው ይሉኛል። እመለሳለሁ። ሌላ ቀን ደግሞ እወርዳለሁ።»

በመጨረሻ ተፈተነ፣ አለፈም። ከዚያ ዋስ አምጣ ተባለ። ዋሱ ቋሚ ሠራተኛ መሆን አለበት፤ ከመሥሪያ ቤቱም ደብዳቤ ያጽፋል። የልጁ አባት ወረኢሉ ገበሬ ናቸው። ዘመዶቹም ሁሉ አራሾች ናቸው። ደሴ ላይ የሚያውቀው ደመወዝተኛ ድሮ ያስተማረው መምህር ብቻ ነው፤ እሱም ቀድሞ ለሌላ ሰው ዋስ ገብቷል። ቀኑ አለፈና ተጠባባቂው ተጠራ።

«የአባቴ ጥንድ በሬ ዋስ አይሆንም፣ ጋሼ» አለ።

ልብስ ሰፊው አቀርቅረው ስኒያቸውን ያዞሩ ጀመር። ባለሙያዋ ግን «ዋሱን እኛ አላመጣነውም፤ የቀጣሪው መመሪያ ነው» አለች። «እኛ ጋ ያለው ብድር ነው። ተደራጅና ውሰድ።»

ብድሩ እንዳለ እውነቷን ነው። 10 ቢሊዮን ብር የተመደበለት የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ በ2009 በአዋጅ ሲቋቋም፣ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ዛሬ ፀደይ ባንክ በሆነው በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) በኩል ነበር። ልጁም ተደራጅቶ ቁጠባ ጀምሮ ያውቃል። ከቡድኑ ሁለቱ በጂቡቲ በኩል ሊሻገሩ ወጡ፤ ቡድኑም ፈረሰ።

«ስለ ቢሮ ከሆነ እኔም ልናገር» አለች ቡና አፍዪዋ። የእህቷ ልጅ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ስፌት ላይ ትሠራ ነበር። ፓርኩ የተመረቀው ሐምሌ 2009 ነው፤ ለአካባቢው ሴቶች ልጆች ትልቅ ተስፋ ሆኖ ነበር የመጣው። ጥቅምት 2014 መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ፓርኩም ተዘረፈ። ከተሞቹ ነፃ ከወጡ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ ታኅሣሥ 2014 ላይ፣ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ለአፍሪካ አገሮች ከሰጠችው ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል፣ አስወጣች። ልብስ ወደዚያ ገበያ ያለ ቀረጥ መላክ ቀረ። ልጅቷም ማሽኗ ላይ አልተመለሰችም።

«ወላሂ፣ በየወሩ ከደመወዟ ሲቆርጡባት ነበር። ሥራ ስታጣ ብሩ የት አለ?»

የሚቆረጠው ለጡረታ ነው፤ 7 በመቶ ከሠራተኛው፣ 11 በመቶ ከአሠሪው። ሥራ ያጣ ሰው ሌላ እስኪያገኝ የሚያቆየው የሥራ አጥነት መድን ግን አገራችን የላትም። ይህን ስነግራት ራሷን ነቀነቀች።

«እሷም ቢሮ ሄዳ ተመዝግባ ነበር። ቤታችን ድረስ የመጣው ግን ደላላው ነው» አለች። አዲስ አበባ ወስዶ ምግብ ቤት አስተናጋጅ አስቀጠራት። ከመጀመሪያ ደመወዟም ግማሹን ወሰደ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አገር ውስጥ ሠራተኛና አሠሪ የሚያገናኝ ኤጀንሲ ከሠራተኛው በቀጥታም በተዘዋዋሪም ክፍያ እንዳይቀበል ያደርጋል። ልጅቷ ይህን ማን ይነግራታል? ብታውቅስ ማንን ትከሳለች? ደላላው ቢሮ የለው፣ ደረሰኝ የለው፤ ያለው ስልክ ቁጥር ብቻ ነው። እኔን የሚያመኝ ግን ሌላው ነገር ነው። ደላላው ስሟን ያውቃል፣ ቤቷን ያውቃል፣ ሥራ ሲያገኝ በዚያው ቀን ይደውልላታል። ቢሮውም እኮ ስሟና ስልኳ መዝገቡ ላይ አለ።

ባለሙያዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እኔን ክፉ አታድርጉኝ» አለች። ቢሮው አንድ ኮምፒውተር ነው ያለው፤ ኔትወርክ ከጠፋ ሰው ተሰልፎ ውሎ ይመለሳል። የስልክ ካርድ የሚሞላላት የለም። ለሪፖርት የምትጠየቀው ስንት ሰው እንደመዘገበችና ስንት ሰው ሥራ እንዳስያዘች ነው። «ለስንቱ ደወልሽ ብሎ የጠየቀኝ አለቃ የለም።»

ከዚያ ያልጠየቅናትን ነገረችን። አንድ ቀን ከጃሪ መጠለያ ጣቢያ የተነሳች ልጅ መጣችባት። ከወለጋ ተፈናቅላ ነው ወሎ የገባችው። ምግብ ዝግጅት ተምራለች፤ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ (ሲኦሲ) ምዘናም አልፋለች። ሰርተፊኬቷን በፌስታል ጠቅልላ ይዛ ነበር። የቀበሌ መታወቂያ ግን የላትም። መታወቂያ ለማውጣት ከነበረችበት ቀበሌ መሸኛ አምጪ ትባላለች። ያ ቀበሌ ደግሞ ነፍሷን ይዛ የሸሸችው ቀበሌ ነው።

«መመሪያው አይፈቅድልኝም ብዬ መለስኳት» አለች። «ፌስታሉን አጣጥፋ ይዛ ስትወጣ አሁንም ይታየኛል።»

«እሷስ በአላህ መመዝገብ ነበረባት» አሉ ልብስ ሰፊው። ቀጥለው ግን «ጎበዝ ሰው መንገድ አያጣም» ማለታቸውን አልተዉም። በዚህ ሳይስማሙ ተለያዩ።

እኔ የምፈርደው ለልጁ ነው። ልብስ ሰፊው የሚሉት ትጋት አለው። ሲሚንቶ እየተሸከመ ሥራ የሚፈልግን ሰው ወንበር ፈላጊ ማለት አይገባም። የቀን ሥራው ብር የሚያልቀው ለትራንስፖርትና ለኮፒ ነው። ሌላው ደመወዝ እየበላ የማይከፍለውን ወጪ እሱ ባዶ ኪሱን ሆኖ ይከፍላል። ዋሱ ደግሞ ይብሳል፤ ደመወዝተኛ ዘመድ ያለውን አሳልፎ የገበሬውን ልጅ ያስቀራል። ፈተና ያለፈ ልጅ በአባቱ ሙያ ሲወድቅ ዝም ሊባል አይገባም።

በባለሙያዋ ላይ ግን አልፈርድም። አለቆቿ ቁጥር ብቻ እስከጠየቋት ድረስ የምትሰጣቸው ቁጥር ነው። ይህን መለወጥ ያለባቸው ከላይ ያሉት ናቸው። ካርዱ ሲታደስ ልጁ ስሙ የትኛው ቀጣሪ ጋ እንደተላከና ምን መልስ እንደመጣ ይነገረው። ካልተላከም አልተላከም ይባል፤ ቁርጡን ያውቃል። ኮምቦልቻ ለወጣ መደብ ደሴ ያለ ሰው ማስረጃውን በራሱ ቀበሌ አስገብቶ ቢሮው ይላክለት። የፈተና ቀን በስልክ መልእክት ይነገር። ቀጣሪዎችም ገንዘብና ንብረት ለማያስረክቡት መደብ ዋስ መጠየቃቸውን ይተዉ።

ለጃሪዋ ልጅ ግን ይህን ሁሉ መጠበቅ አያስፈልግም። መጠለያው ውስጥ እርዳታ የሚታደለው በስም ዝርዝር ነው። ያንኑ ዝርዝር እንደ መሸኛ ተቀብሎ ነገውኑ መመዝገብ ይቻላል።