ሙቀጫ ከንጋቱ 11 ሰዓት

ዱም። ዱም። ዱም።

ስልኬን ብድግ አድርጌ አየሁ። 11 ሰዓት። የማታው እንዳይመስላችሁ፣ የንጋቱ። ዕለቱ እሑድ። ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኹ ያደሩት ውሾች እንኳን ደክሟቸው ተኝተዋል። ከአናቴ በላይ ግን ሙቀጫ ሥራ ላይ ነው። ዘነዘናው ባረፈ ቁጥር የመኝታ ቤቴ አምፖል ይወዛወዛል። አላጋነንኩም። እሺ፣ ትንሽ አጋንኛለሁ።

የምኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አራተኛ ፎቅ፣ ልክ ከኔ በላይ፣ እትዬ አሉ። ስማቸውን አልጽፍም። ብሎካችን ውስጥ ያላችሁ ግን ታውቋቸዋላችሁ፤ በናታችሁ እንዳትነግሩብኝ።

የእትዬ ልጆች ቨርጂኒያ ናቸው። ወደዚያ የሚሄድ ሰው በተገኘ ቁጥር በርበሬ ይላካል። በርበሬ ከተላከ ደግሞ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ በሶብላው ሁሉ አብሮ መደለዝ አለበት። «በማሽን የተፈጨ ጣዕም የለውም» ይላሉ። ይሁን፣ ይደለዝ። እኔም ከዚያ በርበሬ ይደርሰኛል፣ አልክድም። ግን ምናለ ከቁርስ በኋላ ቢሆን? ቨርጂኒያ ተቀምጣችሁ ያን ዶሮ ወጥ የምትበሉ ልጆች፣ በርበሬው ውስጥ የኔም እንቅልፍ ተደልዟል። ስትጎርሱ አስቡኝ።

ሙቀጫው ብቻ ቢሆን ደግሞ በቻልኩት። ልብሱስ?

እኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሲሻው አንድ ቀን። ስለዚህ ውኃ የመጣ ዕለት ብሎኩ በሙሉ ባንድ ላይ ያጥባል። መጀመሪያ ሮቶው ይሞላል፣ ጀሪካኑ ይሞላል፣ ባልዲው፣ ድስቱ፣ ከዚያ ልብሱ። እኔ አጥቤ፣ ጠምዝዤ፣ በረንዳዬ ላይ አሰጣለሁ። ሊደርቅልኝ ትንሽ ሲቀረው እትዬ የሳቸውን ያወጣሉ። ሳይጠመዘዝ። ውኃው ከነኦሞው ቁልቁል ይወርዳል። ጠብ ጠብ አይደለም፣ ይዘንባል። አንድ ቀን ያ ቀይ የአልጋ ልብሳቸው ቀለሙን ለቀቀና ነጭ ነጠላዬን ሮዝ አደረገልኝ። ሽሮ ሜዳ ድረስ ሄጄ፣ ግማሽ ቀን ተከራክሬ የገዛኋት ነጠላ! እሑድ ለብሻት ቤተ ክርስቲያን ብሄድ አንዷ ጓደኛዬ ጥለቱን ትታ መሀሉን እያየች «አዲስ ፋሽን ነው?» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን አትነግሪያቸውም?» ትሉኝ ይሆናል። የዚህ አገር ሰው ሆናችሁ እንዲህ ስትሉኝ ይገርመኛል።

አባቴ ክፍለ ሀገር ነበር። ያረፈ ጊዜ መርዶውን የነገሩኝ እትዬ ናቸው። ሌሊቱን ከዘመድ ጋር በስልክ ተማክረው፣ ጎረቤት ቀስቅሰው፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ በሬን አንኳኩ። (ያኔም 11 ሰዓት ነበር። አሁን ስጽፈው ነው ልብ ያልኩት።) ሦስቱን ቀን ከድንኳኑ አልወጡም። የእድሩን ብረት ድስት ቆጥረው ተረከቡ፣ ቆጥረው አስረከቡ። እህል አልወርድ ሲለኝ «ለአባትሽ ነፍስ ብለሽ» እያሉ አጎረሱኝ። ከሰልስቱ በኋላ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲበተን፣ እሳቸው ፍራሻቸውን ይዘው ወርደው እስከ ሰባቱ ቀን እኔ ጋ አደሩ። ሌሊት ስባንን «አለሁ፣ ተኚ» ይሉኛል።

እና አሁን እኚህን ሴትዮ «የአልጋ ልብስዎን ይጠምዝዙ» ልበላቸው? ለቅሶ የደረሰ ሰው እንዴት ይወቀሳል? ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም እላለሁ። ሆዴም እየፈጀው ነው፤ የጨጓራ መድኃኒት ጀምሬያለሁ።

ክፋቱ ደግሞ ብሎኩ በሙሉ እንዲህ መሆኑ ነው። አንደኛ ፎቅ ያለው ሰውዬ ቅዳሜ ቅዳሜ የመኪናውን አራቱንም በር ከፍቶ፣ ሙዚቃውን አስጩኾ ያጥባል። ውኃ በሌለ ቀንም ያጥባል፤ ከየት እንደሚያመጣው ፈጣሪ ይወቀው። ግን እናቴ እኔ ጋ ሰንብታ ሳለ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ያመማት ጊዜ፣ በቁምጣና በነጠላ ጫማ ሮጦ ወርዶ ሆስፒታል ያደረሰን እሱ ነው። ለቤንዚን ብሰጠው ተቆጣኝ። እናም ሙዚቃው በጮኸ ቁጥር ጥርሴን ነክሼ፣ ፈገግ ብዬ፣ ከበረንዳ እጄን አወዛውዝለታለሁ። ለሞትና ለበሽታ እንደኛ ያለ ጎረቤት የትም የለም። ለባልዲና ለደረጃ ግን አይጣል ነው።

ኩርፊያ እንኳን አይቻልም። አንድ ጠዋት ሥራ ረፍዶብኝ ጆሮ ማዳመጫዬን እንደሰካሁ፣ ማንንም ሳልስም ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ። በቃ። ማታ ስመለስ «ምን አስቀየምንሽ?» የሚል ሽማግሌ በሬ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። አሁን ሥራ ቢረፍድብኝም ጉንጭ ለጉንጭ ሦስቴ ስሜ፣ ልጆቹን፣ ልጆቹ ያልተሻላቸው ከሆነ ጉንፋኑን ጠይቄ ነው የምወርደው። ለሥራው 20 ደቂቃ ቀደም ብዬ እነሳለሁ። እነሳለሁ ስል፣ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ነቅቼ የለ።

ሕግ የተማረ የአጎቴ ልጅ ይህን ስነግረው «መብትሽ እኮ ነው» አለኝ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 ጎረቤትህን በጭስ፣ በጥላሸት፣ በመጥፎ ሽታ፣ በጩኸትና በንዝረት ከመልካም ጉርብትና ልክ አልፈህ አታስቸግር ይላል። ንዝረት! ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ መቼም ሙቀጫ ሳይሰሙ አልቀሩም። ልጁ በዚህ አላበቃም። «የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995 አለ፣ በማኅበራችሁ መተዳደሪያ ደንብ አስከብሪ» አለኝ። ደንቡማ አለን። መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ አቧራ ይጠጣል። ደግሞስ አንቀጽ ጠቅሼ የእትዬን በር ላንኳኳ ነው? «ያቺ ሕግ ያመጣችብን» እየተባልኩ እስከ ልጅ ልጄ ልጠራ?

ኮንዶሚኒየም ሲሠራ እኮ ከብሎኮቹ መሀል የጋራ መገልገያ ቤት አብሮ ነው የተሠራው። እንጀራ እንዲጋገርበት፣ በግ እንዲታረድበት፣ ልብስ እንዲታጠብበት ተብሎ። የሙቀጫውም ቦታ እዚያ ነበር። የኛው ተከራይቶ የቢራ ሳጥን ተደርድሮበታል። በጉ ለፋሲካ ደረጃው ሥር ይታረዳል። ይህንን ልተወው፣ ራሱን የቻለ ብሶት ነው።

በብሎካችን የቴሌግራም ግሩፕም ዘዴ ሞክሬያለሁ። ግማሽ ሰዓት ስጽፍ፣ ሳጠፋ፣ ስጽፍ ቆይቼ እንዲህ ብዬ ላክሁ፦ «ውድ ጎረቤቶቻችን፣ እንደምን ዋላችሁ። ልብስ ስናሰጣ ጠምዝዘን ብናሰጣ፣ ጠዋት ጠዋትም ድምፅ ብንቀንስ መልካም ነው። ለሁላችንም ነው።» «ለሁላችንም ነው» ማለት «ለእትዬ ነው» ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። የወሩ የጥበቃ ክፍያ ሲጠየቅ ግሩፑ መቃብር ነው። ያን ቀን ግን 14 አውራ ጣት ተሰለፈልኝ። ባለመኪናው «ትክክል» አለ። እትዬ ደግሞ መጻፍ አይወዱም፣ በድምፅ መለሱ።

«ተባረኪ የኔ ልጅ! እኔም ስንት ጊዜ ልናገር አስቤ መሰለሽ። አንዳንዱ ሰው እኮ ለጎረቤቱ አያስብም!»

ሦስቴ ደጋግሜ ሰማሁት። አሽሙር አይደለም፣ ከልባቸው ነው። ከድምፃቸው ኋላ ዱም ዱም ይላል።

ከተነሳሁ አይቀር የሳህኔንም ነገር ላንሳው። ትልቁ፣ ጠርዙ ላይ አበባ ያለበት። የጠፋ እንዳይመስላችሁ፣ የት እንዳለ አውቃለሁ። ሁለተኛ ፎቅ፣ ከቡፌው መስተዋት ኋላ ቆሞ ያየኛል። ለገና ድፎ ዳቦ ልኬበት ሄደ፣ ይኸው ፋሲካም አለፈ። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ጥሩ ወግ ነው፣ እኔም በሱ ነው ያደግሁት። ግን የሚሞላው እስኪገኝ እየተባለ ጭራሹን ይቀራል። ከስንት ጊዜ በኋላ ደፍሬ ብጠይቃት «ውይ! ባዶውን ላምጣልሽ እንዴ!» ብላ ደነገጠች። አዎ፣ ባዶውን! እኔ ሳህኔን ነው የምፈልገው። የሰው ዕቃ ቤቱ አስቀምጦ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው እያልኩ ስንት ቀን ተብሰልስያለሁ።

በስተመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ቆርጬ ተነሳሁ። ዛሬስ እነግራቸዋለሁ። ደረጃው ላይ እየተለማመድኩ ወጣሁ። «እትዬ፣ እንዳይከፋዎት፣ አንድ ነገር...» ገና በሩን ሲከፍቱ ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ጀበናው ተጥዷል፣ ዕጣኑ ይጨሳል።

«አንቺስ እግረ እርጥብ ነሽ፣ ግቢ ግቢ! ልክ ሊወርድ ሲል!»

አቦሉ ላይ አልተናገርኩም። በመጀመሪያ ስኒ ነገር አይነሳም። ቶናው ላይ የእናቴን ደም ግፊት ጠየቁኝ፤ የመድኃኒቷን ስም ሳይቀር ያውቃሉ። በረካው ሲቀዳ ዓይኔን ስኒው ላይ ተክዬ ጀመርኩ።

«እትዬ፣ ያ ሙቀጫ...»

«ሙቀጫ ፈልገሽ ነው?» ብድግ አሉ። «ይኸን ለመናገር ነው እንዲህ የምትሽኮረመሚው? በእኔና በአንቺ መሀል! ምነው የኔ ልጅ፣ ባዳ አደረግሽኝ?»

አፌን ሳልከፍት ጓዳ ገብተዋል። ሲመለሱ ሙቀጫውን እንደ ሕፃን አቅፈውታል፣ ዘነዘናው በብብታቸው።

«ውሰጂው። ተገልግለሽ ስትጨርሺ ትመልሽልኛለሽ።»

ምን ልበል? ሁለት እጄን ዘርግቼ ተቀበልኩ። እግዜር ይስጥልኝ አልኩ። በረንዳቸው ላይ ልብስ ተሰጥቷል፣ ይዘንባል። ከሥሩ የማን ልብስ እንዳለ ታውቃላችሁ። ደረጃውን ስወርድ የሙቀጫው ክብደት ወገቤን ሊቆርጠው ደረሰ።

ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱ። ሙቀጫው ወጥ ቤቴ ጥግ ቆሟል፣ ጨርቅ አልብሼዋለሁ። ባለፈው እሑድ እስከ 2 ሰዓት ተኛሁ። ስነሳ ፊቴ በትራስ ተጨማድዶ ነበር፤ ስንት ዘመኔ!

ትላንት ማታ በሬ ተንኳኳ። እትዬ ናቸው። ወደ ቨርጂኒያ የሚሄድ ሰው ተገኝቷል።

«ሙቀጫውን ጨረስሽ እንዴ የኔ ልጅ?»

«ውይ እትዬ» አልኳቸው። «ባዶውን ላምጣልዎት እንዴ!»