ይሉኝታ የሌለው እጅ አስታጣቢ

በእኛ አገር እንግዳ እጁን ሳይታጠብ ማዕድ አይቀርብም። ይህ የሆነው ሁላችንም የንጽሕና አርበኞች ስለሆንን ሳይሆን ከቤቱ ልጆች አንዱ በአንድ እጁ ጆግ፣ በሌላው ሳህን ይዞ፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ፊታችን ጎንበስ ብሎ ስለሚቆም ነው። ልጁ አንዲት ቃል አይተነፍስም፤ ካልታጠብንለት ግን ንቅንቅ አይልም። አሁን ታጥቦ የገባ ሰው እንኳ ልጁን መመለስ ስለሚከብደው በድጋሚ ይታጠባል።

ይህ ልጅ ሆስፒታል ውስጥ የለም፤ በእሱ ቦታ «ታጠቡ» የሚል ሮቦት ቢቆም የምለውም ለዚህ ነው። አክስቴን ሳስታምም በከረምኩበት ክፍል ጠያቂው የታክሲ በር፣ የብር ኖትና የደረጃ መደገፊያ የዳሰሰበትን እጅ እንደያዘ ይገባና አክስቴን አገላብጦ ይስማታል፤ ግንባሯን ዳብሶ «ትኩሳቱስ በረድ ብሏል» ሲል የምርመራ ውጤት ያሰማል፤ ከዚያም ብርቱካን ልጦ «በሞቴ» እያለ ያጎርሳታል። በሞቴ የተባለ በሽተኛ ደግሞ አፉን ከመክፈት በቀር ምርጫ የለውም።

ስለ ጠያቂው ይህን ካልኩ ስለ ሐኪሙ ዝም ብል አድልዎ ይሆንብኛል። አንድ ቀን ጠዋት ዶክተሩ የአልጋ ቁጥር 3ን ሴትዮ ቁስል አይተው በቀጥታ ወደ አልጋ ቁጥር 4፣ ማለትም ወደ አክስቴ ዞሩ። የአልኮሉ ጠርሙስ በሩ አጠገብ ተሰቅሎ ሁላችንንም ይታዘባል። የዓለም ጤና ድርጅት የጤና ባለሙያ እጁን ማጽዳት አለበት ካላቸው አምስት ጊዜያት የመጀመሪያው በሽተኛ ከመንካት በፊት ነው፤ በአልኮል ሲሆን የሚፈጀውም ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ብቻ ሲሆን፣ አክስቴ የዶክተሩን እናት ጤንነት ጠይቃ ከምትጨርስበት ጊዜ እጅግ ያነሰ ነው። ጉሮሮዬን ጠረግ ጠረግ አድርጌ ጠርሙሱን በዓይኔ ጠቆምኩ። አክስቴ በብርድ ልብሱ ስር ቆነጠጠችኝ።

«ዝም በል! ነገ መርፌ የሚወጉኝ እሳቸው ናቸው» አለችኝ፣ ከወጡ በኋላ።

ፍርሃቷ መሠረት የለውም አልልም። ኢግናዝ ዜመልቫይስ የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1847 በቪየና ሆስፒታል ከአስከሬን ምርመራ ተነሥተው ወላድ ሊያዩ የሚመጡ ባልደረቦቹን እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አደረገና፣ በክፍሉ በአንድ ወር 18 በመቶ ደርሶ የነበረው የእናቶች ሞት በጥቂት ወራት ወደ 2 በመቶ ገደማ ወረደ። ብዙዎቹ ሐኪሞች ግን «የእኛ እጅ ነው ወይ ገዳዩ?» ብለው ተቀየሙት። እሱም ይሉኝታውን ጨርሶ ጥሎ በአደባባይ ነፍሰ ገዳይ እያለ ጻፈባቸው፤ በ1865 ሕይወቱ ያለፈው በአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ውስጥ ነው።

እንግዲህ ሮቦት ያስፈለገው እዚህ ላይ ነው። በሕንድ ኬራላ ግዛት በሚገኝ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የግላስጎው ዩኒቨርሲቲና የሕንድ ተመራማሪዎች ፔፔ የተባለ፣ የእጅ መዳፍ ቅርጽ ያለው አረንጓዴ ሮቦት ከቧንቧው በላይ ግድግዳ ላይ ሰቀሉ። ፔፔ ዓይኑን እያንከባለለ፣ በትንሽ ስክሪን ላይ አፉን እያንቀሳቀሰ ሕፃናቱን «ታጠቡ» ቢላቸው የሚታጠቡት በ40 በመቶ ጨመሩ። እኔን ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን ፔፔን ከሩቅ ሆኖ የሚያናግረው ሰው መሆኑ ነው። ለካ ሰው ከአረንጓዴ መዳፍ ጀርባ ሲሆን ይሉኝታው ይለቀዋል!

ሆስፒታልም ቢሰቀል ሥራ አይጠፋውም። ወረቀትና እስክሪብቶ የያዘ ተቆጣጣሪ ጥግ ላይ ሲቆም የሚታጠበው ሰው እንደሚበዛ በሙያው ያሉ ሁሉ ያውቃሉ፤ ችግሩ ተቆጣጣሪው ሻይ መጠጣቱ ነው። ሮቦት ሻይ አይጠጣም። ፕሮፌሰሩንም የጽዳት ሠራተኛዋንም እኩል ያፋጥጣል፤ መርፌ ስለማይወጋም ማንንም አይፈራም። መብራት ሲጠፋ እንደ እኛው ዝም ማለቱን፣ ቧንቧው አየር ብቻ ሲተነፍስ ምን እንደሚል ለጊዜው እንለፈው።

ይህን ሁሉ አክስቴ ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ፣ ቡና እየተቆላ፣ በዝርዝር ነገርኳት። ጸጥ ብላ አዳመጠችኝና መጨረሻ ላይ ፊቷን አጠቆረች።

«ዶክተሩን፣ በሰው ፊት፣ እጅዎን ይታጠቡ ይላቸዋል?»

«አዎን።»

«ምን ያለው አሳዳጊ የበደለው ነው!» አለችና፣ ጆግ ይዛ የቆመችውን የልጅ ልጇን ቀና ብላ ሳታይ ሁለት እጆቿን ዘረጋች።