የልጁን ምግብ ለእናት ብቻ አንተውላት

በአማራ ክልል ትርፍ አምራች የሚባሉ ወረዳዎች አሉ። ጤፉም በቆሎውም ይመረታል። እዚያው አካባቢ ግን የሁለት ዓመት ልጅ በቁመቱ ገና አንድ ዓመት ያለፈው ይመስላል። በፈረንጆቹ 2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ በአገር ደረጃ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶው ቀንጭረዋል። በአማራ ክልል ደግሞ 46 በመቶው። ድርቅ የሚመላለስባቸው ወረዳዎች እንዳሉ አይካድም። እህል ባለበት ቤት ልጅ ሲቀነጭር ግን ምን ይባላል?

ልጁ እንዴት እንደሚበላ ማየት ነው። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻውን ይበቃል። ከዚያ በኋላ አይበቃም። ብዙ ቤት የሚቀርበው ታዲያ ቀጭን አጥሚት ነው። ጡጦ ውስጥ እንዲያልፍ ተብሎ ይቀጥናል። ሆድ ይሞላል፤ አብዛኛው ግን ውኃ ነው። የሕፃን ሆድ ትንሽ ናት፤ የሚገባላት ማንኪያ ላይ የሚቆም፣ ወፈር ያለ ገንፎ ነው። ቅቤ ወይም ዘይት ጠብ ይደረግበት፤ እንቁላል ወይም የሽምብራ ዱቄት ይግባበት። በዚያው ዳሰሳ ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት ሕፃናት፣ በዓይነቱም በድግግሞሹም የሚገባቸውን ያህል የተመገቡት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይህን ሳይታክቱ ይመክራሉ። የሚመከሩት ግን እናቶች ናቸው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። እናትየው እንቁላል ጥሩ መሆኑን ሰምታለች። እንቁላሉ ግን ገበያ ወጥቶ ጨውና ዘይት ሆኖ ይመለሳል። እሷ ውኃ ልትቀዳ፣ አረም ልታርም ስትወጣ ልጁን የምትይዘው ራሷ ገና ያልጠናች እህቱ ናት። ሁለት ጉርሻ ታጎርሰዋለች፤ ፊቱን ካዞረ ጠግቧል ብላ ትተወዋለች። ሕፃን ማብላት ጊዜ ይፈልጋል። አጠገቡ ቁጭ ብሎ፣ እያጫወቱ፣ እምቢ ሲል ትንሽ ቆይቶ መልሶ መሞከር ነው። ቀኑን ሙሉ ስትለፋ የዋለች ሴት ይህን ጊዜ ከየት ታምጣው?

ጾም ሲገባ ደግሞ ይብሳል። ቤተ ክርስቲያን ሕፃናትን አታስጾምም። ሆኖም ዕቃው እንዳይነካካ ተብሎ ወተቱም እንቁላሉም ከቤት ይጠፋል። ለልጁ አንዲት ትንሽ ድስት ለይቶ ማስቀመጥ ይህን ይፈታዋል፤ ወጪውም ያን ያህል አይደለም። ድስቷን ግን ማን ይግዛ? ገንዘቡ ያለው አባት ኪስ ውስጥ ነው።

መንግሥት በፈረንጆቹ 2015 በሰቆጣ ቃል ኪዳን የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 ለማጥፋት ቃል ገብቷል። ከአምስት ዓመት ያነሰ ጊዜ ነው የቀረው። ምክሩ ለአባቶች ይድረስ። ዕድር ላይ ይነሳ፤ ካህናትም ስለ ሕፃናትና ስለ ጾም በግልጽ ያስተምሩ። በክትባት ቀን አባት ልጁን አቅፎ ጤና ኬላ ይምጣ። ልጁ ሲመዘን ይይ፤ ጥያቄ ይጠየቅ፦ ዶሮዎቹ በዚህ ሳምንት ስንት ጣሉ? ለዚህ ልጅስ ስንቱ ደረሰው?