ጡት ያልጣለ ጾመኛ

እዚህ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ መጾም ቀላል ነው። ሁዳዴ ሲገባ ሱፐርማርኬት እሄድና የአልሞንድ ወተት፣ የኮኮናት አይስክሬም፣ ከአተር ተሠርቶ ሥጋ ሥጋ የሚል በርገር እገዛለሁ። እሽጉ ላይ ያለውን ጽሑፍ እንደ ዳዊት ነው የምደግመው። የወተት ዘር ካለበት ወደ መደርደሪያው፣ ከሌለበት ወደ ጋሪው። 55ቱ ቀን በዚህ ያልቃል። ክብደት የጨመርኩበት ሁዳዴም አለ።

አዲስ አበባም የጾም ፒዛና የጾም ኬክ ሞልቷል፤ በዚህ በኩል አንተማማም። ልዩነቱ እዚያ ሰፈሩም አብሮ መጾሙ ነው። ሥጋ ቤቱ ይዘጋል። የከሰዓቱ ቅዳሴ በድምፅ ማጉያ ጓዳህ ድረስ ይመጣል። ብትሰንፍ እንኳ ጎረቤት ምን ይለኛል ብለህ ትጾማለህ። እዚህ ግን ቢሮ ውስጥ ቺዝ ብትበላ የሚያይህ የለም። በበረዶ 40 ደቂቃ ነድተህ፣ ነጠላህን ከካፖርት በላይ ደርበህ ብታስቀድስም ማንም አላስገደደህም። ስለዚህ እኛ ውጭ ያለነው በእምነት የበሰልን ይመስለናል። አፍ አውጥተን አንናገረውም እንጂ ለእረፍት አገር ቤት ስንሄድ ፊታችን ላይ ይነበባል።

እኔም እንደዚያው ነበርኩ፤ ያ ስብሰባ እስኪመጣ ድረስ።

በሐምሌ 2010 ከ20 ዓመት በላይ ተለያይተው የቆዩት ሁለቱ የቤተ ክርስቲያናችን ሲኖዶሶች፣ የአገር ቤቱና የስደቱ፣ እዚሁ ዋሽንግተን ላይ ታረቁ። በዚያው ወር በስደት የቆዩት ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስ አዲስ አበባ ገቡ። ዜናውን ያየሁት አንድ ጋሼ ከምላቸው ሰው ቤት ነው። ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ ደለስ አየር ማረፊያ የተቀበሉኝ፣ መንጃ ፈቃድ እስካወጣ በራሳቸው መኪና ያለማመዱኝ ሰው ናቸው። ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ተጣላን። አባቶች ሲታረቁ እኛ ተጣላን ማለት ነው።

ጠቡ ውጭ ለኖረ ሰው አዲስ አይደለም። አጥቢያችን አገር ቤት ባለው የቤተ ክህነት መተዳደሪያ፣ በቃለ ዓዋዲ፣ ትተዳደር ወይስ በራሳችን ደንብ? ሕንጻው በማን ስም ይሁን? ቦርዱን ማን ይምረጥ? ሁለቱም ወገን የሚናገረው ነበረው፤ ዛሬ ሳስበው የእሳቸው ክርክር ከእኔ የተሻለ ነበር። ያኔ ግን ማይክ ይዤ ቆሜ ነበር። ከኋላዬ የሚያጨበጭብልኝም ነበር። “አንተ ደግሞ ስለ ገንዘቡ ብታወራ ይሻልሃል!” አልኳቸው።

አንተ። 11 ዓመት ሙሉ አንቱ ያልኳቸውን ሰው። አዳራሹ ለአፍታ ጸጥ አለ። እሳቸው ቀስ ብለው መነጽራቸውን አወለቁ፣ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉትና ተቀመጡ። ስለ ገንዘቡ ያልኩትም ሐሰት ነበር፤ በማግስቱ ነው ያወቅኩት። ሳምንቱ ዓርብ ነበረው፣ እኔም ዓርቡን ጾምኩ።

ከዚያ በኋላ ለወራት አንድ ላይ አስቀድሰናል። ዲያቆኑ “ተአምኁ በበይናቲክሙ” ሲል፣ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ማለቱ ነው፣ ሰው ሁሉ ለጎረቤቱ እጅ ይነሳል። በግእዝ ቢያመልጠን እንኳ ለልጆቹ ተብሎ የተሰቀለው ስክሪን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይጽፍልናል። እሳቸው ከእኔ ሁለት ረድፍ ወደ ፊት፣ በስተቀኝ ይቆማሉ። እኔ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ጎንበስ እላለሁ። ወደ ቀኝ ስደርስ ነጠላዬን የማስተካክለው ነገር አይጠፋኝም። በመጨረሻ እሳቸውና ሌሎች ወጥተው አሥር ደቂቃ በማያስነዳ ቦታ ሌላ አጥቢያ መሠረቱ። እፎይ አልኩ፤ አንገቴ ዕረፍት አገኘ።

ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች “ወተት ጋትኋችሁ” ይላቸዋል፤ ጽኑ መብል ገና አልቻላችሁምና። ቆሮንቶስም ከየአገሩ የመጣ ሰው የሞላባት የወደብ ከተማ ነበረች። ይህን ክፍል ስሰማ ሁልጊዜ ስለ ትምህርት ማነስ ይመስለኝ ነበር። ቀጥሎ ያለውን ሳነብ ግን ሕፃን ያሰኛቸው ቅናትና ክርክር ነው፤ አንዱ የጳውሎስ ነኝ፣ ሌላው የአጵሎስ ነኝ ማለቱ ነው። የእኛ ቃለ ጉባኤ ይመስላል። እኔ እንግዲህ በዓመት 55 ቀን የላም ወተት ትቼ ጳውሎስ ያለውን ወተት ዓመቱን ሙሉ የምጠጣ ሰው ነኝ።

ባለፈው ዓመት ለቅበላ አገር ቤት ገባሁ። እናቴና አጥር የምትጋራት ጎረቤቷ ከተኳረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ምክንያቱ የቆሻሻ ውሃ መውረጃ ነው። ሁለቱም በየማለዳው የአንዱን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይሳለማሉ፤ ተራ በተራ፣ እንዳይገናኙ ሰዓት ለይተው። ይኸው፣ አገር ቤትም ያው ነው ብዬ በሆዴ ደስ አለኝ። ደስታዬ ራሱ ምን ዓይነት ደስታ እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

እናቴ የቅበላውን ዶሮ ስትሠራ ሽንኩርቱ እስኪበስል ሴትየዋን ስታማት ነበር። ከነዘሯ። ወጡ ሲደርስ ሳህን አወጣች፣ አንድ እግርና አንድ እንቁላል አደረገች፣ በእንጀራ ሸፈነች፣ ነጠላዋን ለበሰች።

“የት ነው?” አልኳት።

“እዚሁ ጎን።”

ተከትያት ወጣሁ። በሩን ቆረቆረች። ከውስጥ “የሉም በያት” ሲባል ሁለታችንም ሰማን። ሠራተኛዋ ወጥታ የሉም አለች፤ ልጅቷ አፍራ መሬት መሬት ታያለች። እናቴ “እሺ የኔ ልጅ፣ ሲመጡ መጥቼ ነበር በያቸው” ብላ ተመለሰች። እኔ ግን ጨስኩ። አራት ዓመት የቆየው ጠብ አሁን የእኔም ሆነ።

ቤት ገብታ ሳህኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። “በል አንተ ብላው፣ ነገ አይበላም” አለችኝ።

“ደግሞ ልትሄጂ ነው?”

“ነገማ ሽሮ ነው የምወስድላት።”

ወሰደች። በሩ የተከፈተላት በሦስተኛው ሳምንት ነው፤ ለምኩራብ። ውሃ መውረጃው አሁንም እንደዛው ወደ እናቴ በር ይፈሳል። ስደውልላት አልፎ አልፎ ታማታለች፤ ግን ድምጿን ቀንሳ ነው፤ ሴትየዋ እዚያው ቤቷ ቡና ስለምትጠጣ።

ተመልሼ ስመጣ ሁዳዴው ወደ ማለቂያው ደርሶ ነበር። የኒቆዲሞስ ዕለት ከቤት ስወጣ ወደ እኛ አጥቢያ አልታጠፍኩም። ጋሼ ወደሚያስቀድሱበት ነዳሁ። በሌሊት ወደ ጌታ የመጣው ያ ሽማግሌ፣ መምህር ሆኖ ሳለ ሰው ከሸመገለ በኋላ እንዴት ይወለዳል ብሎ የጠየቀው፣ ቢያንስ መንገዱን ወጥቶታል እያልኩ። የመኪና ማቆሚያውን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። እሳቸው ከዘራ ይዘዋል፤ ድሮ አይዙም ነበር። ደረጃውን አንድ ልጅ ደግፎ ሲያወጣቸው አየሁ።

ማታ ለእናቴ ደውዬ ሄጄ ነበር፣ ፓርኪንግ አጥቼ ተመለስኩ አልኳት። ሁለት ባዶ ቦታ ነበር።