ራጅ ሲነበብ ዓይን የት ያርፋል? ከደሴና ከኮምቦልቻ ሊጀመር የሚገባ ጥናት

ራጅ ላይ የነበረ ምልክት ማምለጡ ሲታወቅ ለወጣቱ ሐኪም የሚነገረው «አጥብቀህ እይ» የሚል ነው። ምክሩ የሚያቃናው ግን ከስህተቱ ከፊሉን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ሃሮልድ ኩንድል፣ ካልቪን ኖዲንና ባልደረባቸው የሳንባ ራጅ አንባቢዎችን የዓይን እንቅስቃሴ መዝግበው ያመለጡትን እባጮች በሦስት ከፈሏቸው። 30 በመቶ ያህሉ ላይ ዓይን ጭራሽ አልደረሰም፤ 25 በመቶ ያህሉን ነክቶ አለፈ። የቀሩት ግን በቂ ጊዜ ከታዩ በኋላ «ችግር የለውም» ተብለው የተተዉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ የሳንባ ሲቲ ስካን ውስጥ የጎሪላ ምስል ተጨምሮ ለ24 ራዲዮሎጂስቶች (የራጅና የመሰል ምስሎች ስፔሻሊስት ሐኪሞች) ሲቀርብ 20ዎቹ አላስተዋሉትም። ከእነዚህም አብዛኞቹ ዓይናቸውን በቀጥታ አሳርፈውበት ነበር።

ዓይን ያልደረሰበትን ስህተት የንባብ ቅደም ተከተል በማስተማር መቀነስ ይቻላል፤ የሳንባን ጫፍ፣ ከልብ ጥላ ኋላ ያለውንና ከድያፍራም በታች የሚሸፈነውን ሳይዘሉ ማየት። ታይቶ የተተወውን የሚያርመው ግን ውጤታቸው የተረጋገጠ ብዙ ምስሎችን ከጤነኛ ጋር እያነጻጸሩ መለማመድ ነው። እኛ ጋ የሚበዛው የትኛው እንደሆነ ሳይለካ የሚነደፍ ሥልጠና ግምት ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሕክምናውን ደሴ፣ ቴክኖሎጂውን ኮምቦልቻ ይዞ ይህን ባይለካ ያሳዝናል።

የዓይንን እንቅስቃሴ የሚመዘግበው መሣሪያ ስክሪን ሥር የሚቀመጥ ካሜራ ነው። ኢንፍራሬድ ብርሃን ዓይን ላይ ይልክና የብሌኑን መሐል ከኮርኒያ (ከዓይን የፊት ብርሃን አስተላላፊ ሽፋን) ተንጸባርቆ ከሚመለሰው ነጥብ ጋር ያነጻጽራል። ለሳንባ ራጅ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚመዘግብ ይበቃል፤ ዓይን አንድ ቦታ ሲያርፍ ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 300 ሚሊ ሰከንድ ስለሚቆይ። አንባቢው ከስክሪኑ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ይቀመጣል፤ መሣሪያውን ከዓይኑ ጋር የማስማማቱ ሥራ (ማስተካከያው) ስክሪኑ ላይ የሚታዩ 9 ነጥቦችን እያየ ይደረጋል። እዚህ ርቀት ላይ የ1 ዲግሪ ስሕተት 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ በምልክቱ ዙሪያ ሰፋ ያለ ክብ ሳይሰመር «አየ» ወይም «አላየም» ማለት አይቻልም።

የሚያበላሸው ብዙ ነው። በመስኮት የሚገባ የደሴ ፀሐይ ራሱ ኢንፍራሬድ ስላለው ካሜራውን ያደናግራል፤ መጋረጃ የግድ ነው። መነጽር ሐሰተኛ ነጸብራቅ ይፈጥራል። አንባቢው ወንበሩን ከሳበ ወይም መብራት ጠፍቶ ከመጣ ማስተካከያው እንደገና መሠራት አለበት፤ ይህ ከተዘለለ መረጃው ትክክለኛ እየመሰለ ይሳሳታል። በሲቲ ስካን ለመጀመርም አልመክርም፤ ሲቲ ስካን ብዙ ተከታታይ ምስሎች ስላሉት እያንዳንዱ የዓይን ነጥብ በዚያ ቅጽበት ከተከፈተው ምስል ቁጥር ጋር ካልተያያዘ ከንቱ ነው።

ምስሎቹን መምረጥም ጥንቃቄ ይሻል። ቲቢ መኖሩን ጂንኤክስፐርት የተባለው የላቦራቶሪ ምርመራ ያረጋግጣል፤ ሳንባው ላይ የት እንዳለ ግን አይናገርም። ቦታውን ሁለት ራዲዮሎጂስቶች ለየብቻ ምልክት አድርገው መስማማት አለባቸው። ጤነኛ ራጆችም ይቀላቀሉ፤ ሁሉም ሕመም ካለው አንባቢው ሳያስስ ያገኛል።

የሐኪሙ ስም ከመዝገቡ ጋር መያያዝ የለበትም፤ አለቃውም ሊያየው አይገባም። ለሥራ አፈጻጸም ነጥብ እንደሚውል የጠረጠረ ሐኪም ሁሉም ቦታ ላይ ዓይኑን ያቆያል፤ ያን ጊዜ የሚመዘገበው በሌሊት ተረኛነቱ የሚያነብበት መንገድ አይሆንም።